ወራጅ የሌለበት መርከብ

«ወራጅ አለ!» በአማርኛ ካሉት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ብዙ የምትሸከመው ይቺ ትመስለኛለች። ሁለት ቃል ናት። ግን ውስጧ መንገደኛ አለ፣ መድረሻ አለ፣ ከአሁን በኋላ ከእኛ ጋር የማይቀጥል ሰው አለ። ሾፌሩ ፍሬን ይይዛል፣ ረዳቱ በሩን ይከፍታል፣ አጠገቡ የተቀመጠው ጉልበቱን ሰብሰብ አድርጎ ያሳልፈዋል። አንድ ሰው ጉዳዩ ያለበት ቦታ ደርሷል ማለት ነው፤ የቀረነውም የራሳችንን ፌርማታ እናስባለን።

ይቺን ጥሪ ያነሳሁት ስለ አንድ አሜሪካዊ ድርሰት ለማውራት ነው። ዴቪድ ፎስተር ዋላስ የሚባለውን ደራሲ በመጋቢት 1995 እ.ኤ.አ. ሃርፐርስ የተባለው መጽሔት ወጪውን ችሎ፣ በአንድ የሽርሽር መርከብ ሰባት ሌሊት በካሪቢያን ባሕር ላይ እንዲያሳልፍ ላከው። ጽሑፉ በጥር 1996 በመጽሔቱ ወጣ፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሰፋ ብሎ የድርሰቶቹ መድበል መዝጊያም መጠሪያም ሆነ። ርዕሱ በግርድፉ «ዳግመኛ የማላደርገው፣ ያስደስታል የተባለ ነገር» እንደማለት ነው። መቶ ገጽ ሊሞላ ትንሽ የቀረው፣ ከመቶ በላይ የግርጌ ማስታወሻ የተጫነበት ነገር ነው። በስልካቸው እንግሊዝኛ ድርሰት የሚያነቡ የኛ ዕድሜ ልጆች ፒዲኤፉን ይቀባበሉታል። እኔም አብሮኝ ኢንጂነሪንግ የተማረ ልጅ በቴሌግራም ልኮልኝ ነው ያነበብኩት፤ ኡካ ሆኜ፣ የኢሉባቦር ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ መብራት ሲሄድና ሲመጣ፣ በሦስት ቀን።

ፍርዴን ከፊት ልናገርና ልገላገል። ስለ ሽርሽር መርከብ ከዚህ የተሻለ ጽሑፍ አላነበብኩም። መርከቡን እንደ ማሽን ሲፈታታው የሚያክለው የለም። አብረውት የተሳፈሩትን ሰዎች ሲያሳየን ግን ይደክማል። ድካሙ የመጣው ከችሎታ ማነስ ሳይሆን ከራሱ ከመርከቡ ቅርጽ ነው፦ መርከቡ ወራጅ የለበትም። ይህን ጉዳይ በደንብ ማየት ያለብን ዛሬ ዩቲዩብና ቲክቶክ ላይ የምናየው የጉዞ ወሬ አብዛኛው ቀስ በቀስ ያንን መርከብ እየመሰለ ስለመጣ ነው።

መጀመሪያ ጥሩውን እንይ። የመርከቡ እውነተኛ ስም ዜኒት ነበር። ዜኒት ማለት በቀጥታ ከአናታችን በላይ ያለው የሰማይ ነጥብ ነው። ዋላስ ስሙን ገልብጦ ናዲር ይለዋል፤ ናዲር የዜኒት ተቃራኒ፣ ከእግራችን በታች ያለው ዝቅተኛው ነጥብ ነው። ቀልዱ ቀላል ነው፤ ግን የድርሰቱ ሐሳብ በሙሉ ውስጡ አለ። መርከቡ ከፍሎሪዳው ፎርት ላውደርዴል ወደብ ተነስቶ፣ ሜክሲኮንና ጃማይካን ነካክቶ፣ እዚያው ፎርት ላውደርዴል ይመለሳል። ምግቡ አያልቅም። ሠራተኛው ሁሉ ፈገግ ይላል። ተሳፋሪው ምን ልብላ፣ ምን ልልበስ፣ የት ልሂድ ብሎ እንዳይጨነቅ ሁሉም ነገር ቀድሞ ታስቦለታል። ኩባንያው የሚሸጠው ደስታ ብቻ አይደለም፤ ምንም ነገር መወሰን የማያስፈልግበትን ሳምንት ነው የሚሸጠው።

ኮድ ጽፌ የምኖር ሰው ስለሆንኩ በጣም የሳቅኩት ስለ ክፍል ጽዳት በጻፈው ላይ ነው። ዋላስ ከመኝታ ክፍሉ ወጥቶ ከግማሽ ሰዓት በላይ ከቆየ፣ ሲመለስ ክፍሉ ተወልውሎ፣ አልጋው ተነጥፎ ይጠብቀዋል። ከግማሽ ሰዓት በታች ከቆየ ማንም አይነካውም። ታዲያ የምታጸዳው ሴት ምን ያህል እንደሚቆይ በምን አወቀች? መሞከር ይጀምራል። ባልታሰበ ሰዓት ሹልክ ብሎ ይወጣል፣ ሰዓት ይቆጥራል፣ ሊደርስባት ይሞክራል። አልተቻለም። ይሄ እኛ በሥራ ላይ ዘወትር የምናደርገው ነገር ነው፤ ውስጡ የማይታይ ሲስተም ሲያጋጥምህ ከውጭ እየነካካህ ምን ሲሰጡት ምን እንደሚመልስ ትመዘግባለህ። ዋላስ ግን ከዚያ አልፎ ይሄዳል። እንክብካቤውን ከእናት እንክብካቤ ጋር ያነጻጽርና፣ ከእንክብካቤው ጀርባ ስለ እሱ የሚያስብ ሰው እንደሌለ ሲገባው ደስታው ወደ ፍርሃት ይለወጣል። እናትህ ክፍልህን ስታጸዳ ታጉረመርማለች፤ ማጉረምረሟ እንደምታውቅህ ይነግርሃል። ይሄኛው አያጉረመርምም።

ሁለተኛው ትልቅ ትዝብቱ ስለ ምኞት ነው። ሁሉም ነገር ከተሟላለት በኋላ ቅሬታው ይጠፋል ብለን ስንጠብቅ ይብስበታል። አንድ ወደብ ላይ የሌላ ኩባንያ መርከብ አጠገባቸው ይቆማል። ያኛው ይበልጥ ነጭ፣ ይበልጥ አዲስ መስሎ ይታየዋል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ናዲር ላይ ቀድሞ ያላያቸው ጉድለቶች ሁሉ ይታዩታል። ውስጣችን ያለው ሕፃን ሲያጎርሱት አይጠግብም፣ ጉርሻው ይበልጥ ያስርበዋል ይለናል። ስልኩን የሚያሻሽል፣ ባሻሻለ በሳምንቱ የሚቀጥለውን ሞዴል የሚያይ ሁሉ ይሄን ክፍል ቢያነበው አይጎዳም።

ሦስተኛው የሻንጣው ታሪክ ነው። ዋላስ ጨዋነት መስሎት ሻንጣውን ራሱ ተሸክሞ ወደ ክፍሉ ይሄዳል። የደርቡ ተሸካሚ ሊባኖሳዊ ነው። ተሳፋሪ ሻንጣ ይዞ መታየቱ በተሸካሚው ላይ የሥራ ጥፋት ሆኖ ተቆጠረበት፤ ከአለቆቹ ቁጣ መጣበት። ልጁ ሁለት ሕግ መካከል ተይዟል፦ ተሳፋሪ ሁልጊዜ ትክክል ነው፤ ተሳፋሪ በፍጹም ሻንጣ አይሸከምም። ተሳፋሪው «እኔ ልሸከም» ሲል የቱን ይጠብቅ? ዋላስ ይቅርታ ሊጠይቀው ክፍሉ ድረስ ለመጣው ግሪካዊ ኃላፊ ጉዳዩን አስረድቶ ሊያስተካክል ይሞክራል፤ ሙከራው ራሱ ሌላ ውጥረት ይፈጥራል። በዚህች ታሪክ ውስጥ ስለ መርከቡ የሥራ ግንኙነት ያለው እውነት ከብዙ የሪፖርት ገጽ ይበልጣል።

አራተኛው ለእኛ ዘመን የተጻፈ ይመስላል። የመርከብ ኩባንያው ፍራንክ ኮንሮይ ለተባለ የተከበረ ደራሲ ከፍሎ፣ ስለ መርከቡ ውበት ድርሰት አጽፎ፣ በማስታወቂያ መጽሔቱ ውስጥ አውጥቶታል። ዋላስ የሚቃወመው ማስታወቂያ መሆኑን አይደለም። ማስታወቂያው የድርሰት ልብስ ለብሶ መምጣቱን ነው። አንባቢ ድርሰት ሲከፍት ጥበቃውን ያላላል፤ ይሄ ሰው ሊሸጥልኝ ሳይሆን ሊነግረኝ ነው ብሎ ያምናል። ያንን እምነት በገንዘብ ማከራየት ክፉ ሥራ ነው ይላል። ይሄ የተጻፈው ዩቲዩብ ከመፈጠሩ ዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። ሪዞርት ጋብዟቸው «ዛሬ ደግሞ ራሴን ላዝናና ብዬ ነው» የሚሉንን ልጆች እያሰባችሁ አንብቡት።

እስካሁን ምስጋና ነው። አሁን ወደ ሰዎቹ እንምጣ።

ናዲር ላይ ከአንድ ሺህ በላይ ተሳፋሪ አለ። ዋላስ እራት የሚበላው በ64 ቁጥር ጠረጴዛ ነው። አብረውት ከሚበሉት ውስጥ ከአንዲት ወጣት በስተቀር ሁሉንም እንደወደዳቸው ይነግረናል። መውደዱን አምነዋለሁ። ግን ከሰባት እራት በኋላ ስለነዚህ ሰዎች የቀረልኝ ምንድነው? አሳሳቃቸው፣ አለባበሳቸው፣ ምግብ ላይ ያላቸው አስተያየት። ከጠረጴዛው ሲርቅ ደግሞ ሰዎቹ እየበዙና እያነሱ ይሄዳሉ። አንድ ወደብ ላይ ከላይኛው ደርብ ቆሞ ተሳፋሪዎቹ ተሰልፈው ሲወርዱ ያያቸዋል፤ ከዚያ ከፍታ ሲታዩ መንጋ ይመስላሉ። ራሱንም ከመንጋው አያወጣም፤ አሜሪካዊ ቱሪስት መሆኑ ያሳፍረዋል። ኀፍረቱ እውነተኛ ነው፤ ግን ኀፍረት ሰውን አያስተዋውቅም። ቼዝ ያሸነፈችው የዘጠኝ ዓመት ልጅ እንኳ ሰው ሆና የምትታየን ልታሸንፈው ስለቆረጠች ነው። የሆነ ነገር ትፈልጋለችና።

ምክንያቱን ለማወቅ መርከቡን እንደ ፕሮግራም ማየት ረድቶኛል። ፕሮግራሙ ሉፕ ነው፤ ከጀመረበት ተነስቶ ወደጀመረበት ይመለሳል። ሁሉም ተሳፋሪ በአንድ ሰዓት ይገባል፣ በአንድ ሰዓት ይወጣል። ወደብ ላይ የሚወርደውም ሰው ወራጅ አይደለም፤ ለሻይ ወርዶ የሚመለስ ነው። ስለዚህ ማንም ማንንም «ወዴት ነህ?» ብሎ አይጠይቅም። መልሱ ይታወቃላ። «ወዴት ነህ?» ካልተባለ ደግሞ ቀጥለው የሚመጡት ጥያቄዎች አይመጡም፦ ምን ልታደርግ? ማን ይቀበልሃል? ያመመው ማነው? የሚቀረው ስለ አየሩና ስለ እራቱ ማውራት ነው። ዋላስ የዓለምን ጆሮና ዓይን ይዞ ተሳፍሯል፤ መርከቡ ግን የሚሰማ ነገር አልሰጠውም።

ይህን የምለው ሌላ መርከብ ስለማውቅ ነው። እኔ አልተሳፈርኩበትም፤ ከመወለዴ በፊት ቀርቷል። ግን ኢሉባቦር ውስጥ ያደገ ሰው ወሬውን ይሰማል። የባሮ መርከብ ነው።

በግንቦት 1902 እ.ኤ.አ. አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በፈረሙት ውል፣ በባሮ ወንዝ ዳር ከ400 ሄክታር ያልበለጠ፣ በወንዙ ዳር ርዝመቱም ከ2,000 ሜትር ያልበለጠ መሬት ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ እንዲሆን ተፈቀደ። ጋምቤላ ወደብ የሆነችው በዚህ ነው። ባሮ ሲሞላ፣ ማለትም በክረምት፣ የእንፋሎት መርከቦች በባሮ፣ በሶባትና በነጭ ዓባይ አድርገው ከካርቱም ጋምቤላ ይመላለሱ ነበር። ርቀቱ ከ1,300 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ወደ ካርቱም ከውሃው ጋር ሲወርዱ ሰባት ቀን ገደማ፣ ሽቅብ ሲመለሱ አሥራ አንድ ቀን ገደማ ይፈጃል። ሱዳን ነፃ ከወጣች በኋላ በጥቅምት 1956 እ.ኤ.አ. ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ።

ሰባት ቀን። ልክ እንደ ዋላስ መርከብ።

ያኔ የኢሉባቦር ዋና ከተማ ጎሬ ነበረች። ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ካለችው ጎሬ እስከ አምስት መቶ ሜትር ገደማ ዝቅ ብላ እስካለችው ጋምቤላ ድረስ ቡናው በበቅሎና በሰው ጀርባ ይወርድ ነበር። ቡና የሚለቀመው በበጋ ነው፤ መርከቡ የሚመጣው በክረምት። ስለዚህ ቡናው መጋዘን ተቀምጦ ውሃውን ይጠብቃል፤ ነጋዴውም ይጠብቃል። ጎሬና ጋምቤላ ላይ ከነበሩት ነጋዴዎች ግሪኮችና ሶርያውያን ይገኙበታል። በዋላስ መርከብ አዛዦቹ ግሪክ፣ ተሸካሚው ሊባኖሳዊ መሆናቸውን ሳነብ ፈገግ ያልኩት ለዚህ ነው።

አያቴ በወጣትነቱ ለአንድ የጎሬ ነጋዴ በቅሎ ይነዳ ነበር። መርከቡ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ጭነቱን እስከ ወደቡ አድርሶ ጨውና አቡጀዲ ይዞ ይመለሳል። ስለ መርከቡ ሲጠየቅ ስለ ጎማውና ስለ ጭሱ ሁለት ቃል ይልና ወደ ሰዎቹ ይሄዳል፦ ካርቱም ልጁን ሊፈልግ የሚሄድ ሽማግሌ፣ ዕዳ ሸሽቶ የሚሳፈር ደላላ፣ ማላካል ላይ ወርዶ ከብት የሚገዛ ሰው። የእያንዳንዱን መውረጃ ያውቃል። የሚያውቀውም ስለጠየቃቸው ነው፤ መርከብ እስኪመጣ ወደብ ላይ የሚጠብቅ ሰው ከመጠየቅ ሌላ ምን ሥራ አለው?

ናፍቆት እንዳይመስልባችሁ። የባሮ መርከብ የፍቅር መርከብ አልነበረም። ውሉ የኃያልና የደካማ ውል ነበር፤ በኢትዮጵያ መሬት ላይ የሌላ መንግሥት ባንዲራ የተውለበለበበት ነው። የሱዳን የወንዝ መርከቦች ተሳፋሪውን በማዕረግ ይለያሉ፤ ሹሙና የከፈለው ካቢን ሲያገኝ፣ ድሃው በጎን በታሰረው ጀልባ ላይ ከጭነቱ ጋር ይጓዛል። ትንኝ ነበር፣ ወባ ነበር። ማንም በዚያ ሰባት ቀን አልተንቀባረረም። እኔ የማነጻጽረው ምቾቱን አይደለም፤ አንድ ጸሐፊ የትኛው መርከብ ላይ ቢሳፈር ሰው ያገኛል የሚለውን ነው። መርከቡ እንጨት ሊጭን ሲቆም፣ አንዱ ሲወርድና ሌላው ሲተካ፣ እያንዳንዱ ፌርማታ አዲስ ታሪክ ያስገባል፣ አንድ ታሪክ ደግሞ ሳይቋጭ ያስወጣል።

ለእኔ ትውልድ ያንን መርከብ የተካው የመቱ አውቶቡስ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት መናኸሪያ ትደርሳለህ። ገና በደሌ ሳትደርስ አጠገብህ ያሉት እናት ስምህን፣ የማን ልጅ እንደሆንክ፣ ሥራህ ምን እንደሆነ ያውቃሉ። «ኮምፒውተር ላይ ነው» ስትላቸው «ታዲያ ሚስትስ?» ይሉሃል። አንተም ጅማ የሚወርዱት ሆስፒታል የተኛ ወንድማቸውን ለመጠየቅ እንደሆነ፣ በፌስታል የያዙት ማር ለማን እንደሆነ ታውቃለህ። አንዳንዴ ያደክማል። ጆሮዬ ላይ ኢርፎን ሰክቼ የተኛሁ የመሰልኩበት ጊዜ ብዙ ነው። ግን እሳቸው ጅማ ሲወርዱ፣ ለሚቀጥሉት ሰዓታት ስለማላውቀው ወንድማቸው አስባለሁ። ዋላስ ከሰባት እራት በኋላ ያላገኘውን እኔ ከአንድ ወንበር አግኝቻለሁ። ልዩነቱ የእኔ ደግነት አይደለም። ሴትየዋ ወራጅ ናቸው።

አሁን ተመልሳችሁ የዋላስን ድርሰት በዚህ ዓይን ብታነቡት አንድ ሰው ጎልቶ ይወጣል። የ64 ቁጥር ጠረጴዛ አስተናጋጅ፣ ሀንጋሪያዊው ቲቦር። ከተሳፋሪዎቹ ሁሉ የማልረሳው እሱን ነው። ለምን? ቲቦር መርከቡ ላይ ባጠራቀማት ገንዘብ ለዘለቄታው ቡዳፔስት ተመልሶ፣ የቼሪ ሾርባ የሚሸጥባት ትንሽ ካፌ ሊከፍት ያስባል። ጥቂት መስመር ናት፤ ዋላስ እንደዋዛ ጽፏት ያልፋል። ግን በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ መድረሻ ያለው ሰው እሱ ነው። ሉፑን የሚሰብር ሰው። ተሳፋሪዎቹ ከመሬት ወደ መርከብ የመጡት ለመርሳት ነው፤ ቲቦር መርከብ ላይ ያለው መሬት ለመድረስ ነው። ዋላስ ይህን በደመ ነፍሱ ያውቀዋል፤ ካፌውን ካነሳ በኋላ ለቲቦር ከተመከረው በላይ ቲፕ ሊሰጠው ይወስናል። ቲፑ ጥሩ ነው። ድርሰቱ ግን ወደ ኩሽናው ተከትሎት አይሄድም። ስንት ዓመት ሠራ? ስንት ቀረው? ማን ይጠብቀዋል? እኔ አርታዒ ብሆን ስለ ሽንት ቤቱ የመሳብ ኃይል የተጻፈውን ቀንሼ ለቲቦር ቦታ እሰጥ ነበር።

የኛው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም መንግሥት ወደ ጃፓን ልኳቸው፣ ከጅቡቲ ተሳፍረው ረጅሙን የባሕር መንገድ ሄደዋል፤ ሲመለሱ ያሳተሙት መጽሐፍ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ይባላል። ሁለቱን ርዕሶች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። የኅሩይ ርዕስ የደረሱበትን አገር ይጠራል። የዋላስ ርዕስ የተሰማውን ስሜት ይጠራል። አንዱ ከሌላው ይበልጣል ማለቴ አይደለም፤ ስለ ራስ ስሜት በሐቀኝነት መጻፍን ከዋላስ መማር አለብን። ግን ኅሩይ መርከቡን የሚፈልጉት ለማዶው ነው፤ ዋላስ ማዶ አልተሰጠውም።

ይህ ሁሉ የሥነ ጽሑፍ ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙ ባላሰለቸኋችሁ። ግን እኛ «መርከብ»፣ «ጀልባ»፣ «ተሳፋሪ» የሚሉትን ቃላት እንደ ፍሎሪዳ ሰው ቀለል አድርገን አናነባቸውም። የኛ ዕድሜ ልጆች በብዛት የሚሳፈሩበት የባሕር መስመር ከኦቦክ ወደ የመን የሚሻገረው ነው። በሐምሌ 2017 ዓ.ም መጨረሻ በየመን አብያን ጠረፍ የሰመጠችው ጀልባ ተሳፋሪዎች አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ዜናው በቁጥር መጣ፣ በቁጥር ሄደ። ያቺ ጀልባ ላይ የነበረ ሁሉ መውረጃ ነበረው፤ ሳዑዲ ያለች እህት፣ የሚከፈል የደላላ ዕዳ፣ ቤት የሚሠራላት እናት። አጠገቡ ተጨናንቆ የተቀመጠው ሰው ይህን ሳያውቅ አልቀረም። እኛ አናውቅም። ከላይኛው ደርብ ሆኖ ተሳፋሪን እንደ መንጋ ማየት የአሜሪካዊ ቱሪስት ችግር ብቻ አይደለም፤ ዜና የሚያነብ ሁሉ እዚያ ደርብ ላይ ነው የቆመው።

ለዚህ ነው የጉዞ ቪዲዮዎቻችን የሚያሳስቡኝ። በጥር 2024 እ.ኤ.አ. ከማያሚ የመጀመሪያ ጉዞውን የጀመረው አይከን ኦፍ ዘ ሲስ ሃያ ደርብ አለው፤ ከሠራተኞቹ ሌላ እስከ 7,600 ሰው ይጭናል። ስለ እሱ የተሠሩ ቪዲዮዎችን ስፈልግ ያገኘኋቸው ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፦ ክፍሌ ይህን ይመስላል፣ ቁርሴ ይህን ይመስላል፣ ገንዳው ይህን ይመስላል። ከ7,600 ሰው አንዱ እንኳ አፉን አይከፍትም። የዋላስ ምሬትና ሳቅ የሌለበት፣ የኮንሮይ ማስታወቂያ ብቻ የቀረበት ናዲር ነው። የኛዎቹም የሐዋሳና የቢሾፍቱ ቪዲዮዎች አብዛኞቹ በዚሁ ቅርጽ ተቆርጠዋል፤ ሐይቁ ራሱ ከኋላ የተሰቀለ መጋረጃ ይመስላል።

አሁን ደግሞ በራሳችን ውሃ ላይ ዕድሉ መጥቷል። በ2017 ዓ.ም ጣና ነሽ 2 ከጅቡቲ በየብስ ተጭና ባሕር ዳር እስክትገባ ድረስ አገሩ ሁሉ በስልኩ ሲከታተላት ነበር። መርከብ በአስፋልት ስትሄድ ማየት የሚገርም ነገር ነው፤ እኔም ሳያት አምሽቻለሁ። ቱሪዝሙን ታነቃቃለች ተብሎ ተስፋ ተጥሎባታል፤ ይሁን። የድሮዋ ጣና ነሽ ግን ከባሕር ዳር ጎርጎራ ስትሄድ ደቅ፣ ቁንዝላ፣ ደልጊ ላይ እየቆመች ነበር። ገበያ የሚሄድ፣ ለቅሶ የሚደርስ፣ ገዳም የሚሳለም ሰው ትጭን ነበር። እያንዳንዱ ፌርማታ ወራጅ ነበረው።

በአዲሷ መርከብ ላይ የመጀመሪያውን ጥሩ ጽሑፍ ወይም ቪዲዮ የሚሠራው ማን እንደሚሆን እጠብቃለሁ። ሳይሳፈር የዋላስን ድርሰት ቢያነብ እመክረዋለሁ፤ መርከብን እንዴት እንደሚፈታቱት፣ ከራስ ላይ እንዴት እንደሚስቁ፣ የተከፈለበትን ጽሑፍ ከድርሰት እንዴት እንደሚለዩ ከእሱ የተሻለ የሚያስተምር የለም። ከዚያ ድርሰቱን ቦርሳው ውስጥ ይክተተው። መርከቧ ላይ ቡና የምታቀርበዋን ልጅ የት እንደምታድር ይጠይቃት። አጠገቡ የተቀመጠውን ሰውዬ ደግሞ ለምን እንደመጣ ይጠይቀው፤ «ለመዝናናት» ካለው አንዴ ደግሞ ይጠይቀው። ሁለተኛው መልስ ከመጀመሪያው ይሻላል።